ቡዳ ከአስፈሪ ጨዋታችን ይውጣ፦ መነሻው ጽሑፍና የተከተሉት መልሶች

መነሻ ጽሑፍ

ሐሳቤን አስቀድሜ ልናገር። በጠረጴዛ ዙሪያም ሆነ በአካል በምንጫወታቸው አስፈሪ የሮልፕሌይ ጨዋታዎች ቡዳን አስፈሪው ፍጡር አድርገን ማቅረባችንን እናቁም።

ለአዲስ ገቢዎች ባጭሩ፦ አንድ ሰው አጫዋች ይሆናል፤ ሌሎቻችን አንዳንድ ገጸ ባሕሪ ይዘን ታሪኩን አብረን እንሠራዋለን። በጠረጴዛ ሲሆን በወሬና በዳይስ ነው። ላርፕ የምንለው ደግሞ ልብስ ለብሰን፣ ቦታ ይዘን፣ በእግራችን እየዞርን የምንጫወተው ነው። የእኛ ቡድን የሚሰበሰበው ከየካ አባዶ እስከ ለገጣፎ ባለው የከተማ ዳርቻ ነው። ዳርቻ ለአስፈሪ ጨዋታ ይመቻል፤ መብራት ይጠፋል፣ ጅምር ሕንፃ በየቦታው ቆሟል፣ ሲመሽ ጅብ ይጮኻል። ጅብ ከጮኸ ደግሞ ቡዳ ሳይጠራ ይመጣል። ቀን ሰው፣ ማታ ጅብ፤ አጫዋች ከዚህ የበለጠ ምን ይፈልጋል?

ችግሩ ቡዳ የተባለ ሰው መኖሩ ነው። ጭራቅ አድራሻ የለውም። ለቡዳ ግን በዚህ አገር ለዘመናት አድራሻ ተሰጥቶታል፦ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ሸማኔው፣ ቆዳ ፋቂው፣ ቤተ እስራኤሉ። በዚህ ስም ሰዎች ጋብቻ ተነፍገዋል፣ ከማዕድ ተለይተዋል፣ የጎረቤት ልጅ በታመመ ቁጥር ተወንጅለዋል። እነዚህ ሰዎች ጎረቤቶቻችን ናቸው። አስፈሪ ጨዋታ የሚሠራው በጥርጣሬ ነው፤ አጠገብህ የተቀመጠውን ሰው በጎን እንድታይ ያደርግሃል። በቡዳ ስንጫወት የምንለማመደው ያንኑ የቆየ ጥርጣሬ ነው።

የማትስማሙ ተከራከሩኝ።

(የተከተሉትን መልሶች ዘግይተው ለሚገቡ በቅደም ተከተል ከታች አስቀምጫለሁ። የራሴንም አስተያየት ጨምሬበታለሁ።)

መልስ 1

ከሱሉልታ የሚያጫውት ወንድም ነው። እንደሚስማማ ገልጾ ወዲያው ወደ ራሱ ልምድ ገባ። ቡድኑ መብራት በጠፋ ቁጥር ቴን ካንድልስ የተባለውን ጨዋታ ያነሣል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ነው፤ ክፍሉ ይጨልማል፣ 10 ሻማ ይበራል፣ ትዕይንት ባለቀ ቁጥር አንድ ሻማ ይጠፋል፣ የመጨረሻው ሲጠፋ የተረፉት ገጸ ባሕሪዎች ሁሉ ይሞታሉ። ማንም እንደማይድን ከመነሻው ይታወቃል። ጨለማውና እየቀነሰ የሚሄደው ሻማ በቂ ስለሆኑ፣ ውጭ ያለው ፍጡር ምን እንደሆነ ስም መስጠት እንኳ አላስፈለገውም። አንድ ጊዜ ሻማ አንሶ አንዷ ተጫዋች ከቤቷ ጧፍ ይዛ መጥታ ነበር። የቤቱ እመቤት ጧፉን ተቀብለው መሳቢያ ውስጥ አስቀመጡትና ከሱቅ ሻማ አስገዙ። ደግ አደረጉ፤ ጧፍ ለጸሎት ነው።

መልስ 2

ከቡራዩ የጻፈው ልጅ የተቃወመኝ በጨዋነት ነው። እህቴ ብሎ ጀምሮ፣ ቡዳን ካወጣን በእጃችን የሚቀረው የሰው አገር ቫምፓየርና ጭጋግ የሸፈነው ግንብ ብቻ እንደሚሆን ጻፈ። በልጅነቱ አያቱ ዘንድ ሲያድር እንቅልፍ የነሣው የጅብ ድምፅ እንጂ ካባ የለበሰ መስፍን አልነበረም። ሰው አውሬ ሲሆን የሚተርክ ወግ ያለን እኛ ብቻ ሆነን ሳለ ይህን ጥለን ምን ልንይዝ ነው ሲል ጠየቀ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እሱም እስከ መጨረሻው ክሩን አልለቀቀም።

መልስ 3

ታሪክ የምታስተምር እህት ናት። የ2ን ነጥብ አረመች። ሰው አውሬ ይሆናል የሚለው እምነት የእኛ ብቻ አይደለም፤ አውሮፓውያንም ሰው ተኩላ ይሆናል ብለው ያምኑ ነበር፣ በዚሁ ሰበብም ሰው ገድለዋል። እ.ኤ.አ. በ1589 በዛሬዋ ጀርመን፣ በኮሎኝ አቅራቢያ በምትገኘው ቤድቡርግ፣ ፒተር ሽቱምፕ የተባለ ገበሬ ተኩላ እየሆነ ሰው በልቷል ተብሎ በአደባባይ አሠቃይተው ገድለውታል። ዛሬ እዚያ ልጆች የሰው ተኩላ ሆነው ቢጫወቱ የሚጎዳ የለም፤ በሰፈሩ ተኩላ ናችሁ የሚባል ቤተሰብ ስለሌለ። እኛ ዘንድ ግን ቡዳ የሚባል ቤተሰብ ዛሬም አለ። ከዚህ ሁሉ መልስ አንዱን ብቻ አንብቡ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

መልስ 4

የውይይቱ ድምፅ የተለወጠው እዚህ ነው። ጸሐፊው ጨዋታውን ከነጭራሹ የሰይጣን ሥራ ብሎታል። በጨለማ ተሰብስቦ የክፉ ነገር ስም መጥራት በራስ ላይ በር መክፈት እንደሆነ፣ ሁላችንም ጠበል ብንገባ እንደሚሻለን፣ ወላጆቻችንም እንዳላሳደጉን ነገረን።

መልስ 5

የሰንበት ትምህርት ቤት ተማሪ የሆነ ተጫዋች በትሕትና መለሰለት። በሰንበት ትምህርት ቤቱ ድራማ ሄሮድስን ሆኖ መሥራቱ ልቡን እንዳላከፋው፣ ይልቁንም ክፋትን ከቅርብ እንዳሳየው ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለው የሮልፕሌይ ጨዋታም በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ይኸው ክስ እንደቀረበበት አስታወሰ። ቀጥሎ የቡድኑን ደንብ አስረዳ፦ የቅዱሳን ስም፣ እውነተኛ ጸሎትና ድግምት በጨዋታ ውስጥ አይነገርም፤ የዛር ሥርዓት አይመሰልም፤ በዐቢይ ጾም አስፈሪ ጨዋታ የለም። 4 ተመልሶ አልጻፈም። ደንቡን የእኛም ቡድን ቢወስደው ደስ ይለኛል፤ ወላጅ ሲጠይቅ በግልጽ የምንነግረው ነገር ይኖረናል።

መልስ 6

ይህን ሳላሳጥር ልንገራችሁ። ጸሐፊዋ ኮተቤ ያደገች ናት። ማፊያ የተባለውን ጨዋታ ታውቁታላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1986 ዲሚትሪ ዳቪዶፍ የተባለ የሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ፈጠረው፣ በ1997 አንድሩ ፕሎትኪን ማፊያውን በሰው ተኩላ ቀየረው። ሌሊት ጥቂቶች ተደብቀው ይገድላሉ፤ ቀን መንደሩ ተሰብስቦ ይጠረጥርና በድምፅ ብልጫ አንድ ሰው ያወጣል።

ጓደኞቿ መናገሻ ሱባ ጫካ አጠገብ ወጥተው አድረው ሳለ አንዱ ተኩላውን በቡዳ ተካው። ካርዶቹን ከደብተር ልባስ ቆረጠና በቀይ እስክሪብቶ ጅብ ሣለባቸው። ከተጫዋቾቹ መካከል እናቷ ጀበናና ምጣድ እየሠሩ የሚሸጡ ልጅ ነበረች፤ ይህን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ጥርጣሬ ሲጀመር ከሁለቱ አንዱ ዓይኗን እንዲያዩት ለሌሎቹ ጠቆመ። ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀች። መንደሩ በመጀመሪያው ዙር እሷን አወጣ፤ በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም። ካርዷ በተገለጠ ቁጥር ተራ ገበሬ ነበረች። በአራተኛው ዙር ቡና ላፍላ ብላ ተነሣች። ጸሐፊዋ ተከትላት ስትወጣ ከሰሉ ፊት ተቀምጣ ክብሪት ስትጭር እንጨቱ በእጇ እየተሰበረ አገኘቻት። ከዚያ ወዲህ ቡድኑ ጋ አልመጣችም፤ ስልክ ሲደወልላትም ሥራ በዝቶብኛል ነው መልሷ።

መልስ 7

የቡራዩው ልጅ ተመለሰ። ለተፈጸመው እንዳዘነ ገልጾ፣ ጥፋቱ ግን የጠቆመው ሰው እንጂ የጨዋታው እንዳልሆነ ተከራከረ። ባለጌ ሰው በካርታም ሰው ይሰድባል ባይ ነው። እዚህ ላይ አልተስማማሁም። የጠቆመው ልጅ በሌላ ቀን ዓይኗን እዩት ቢል ስድብ መሆኑ ወዲያው ይታወቅበት ነበር፤ በዚያ ቀን ግን ጨዋታው ራሱ ፈቅዶለታል፤ ድምፅ የሰጡትም ባለጌዎች አልነበሩም።

መልስ 8

በዕድሜ የገፉ አባት ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እያልን ነው የመለስንላቸው። ሮልፕሌይ ምን እንደሆነ ከልጅ ልጃቸው ጠይቀው እንደተረዱ ገለጹ። ምኒልክ ባለእጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው እንደነበር፣ ነገር ግን የጓዳ ወሬ ለአዋጅ እንዳልተበገረ አስታወሱን። የወጣትነት ጓደኛቸው አባቱ ማረሻ ቀጥቃጭ መሆናቸው ስለታወቀ ብቻ እጮኛውን ተከልክሏል። ልጅቷ ሌላ አግብታ፣ እሱ እስከ ዕለተ ሞቱ ብቻውን ኖረ። ለዚህ መልስ ማንም ክርክር አላነሣም።

መልስ 9 እና 10

ወሬው ወደ ቦታ ሄደ። 9 ጅምር ሕንፃ ውስጥ ላርፕ ማድረግ ይፈልጋል፤ ከማን ፈቃድ እንደሚጠየቅ ነው ጥያቄው። 10 በቱሉ ዲምቱ በኩል የደረሰበትን ነገረው። ባለቤቱን አስፈቅደዋል፣ ለሰፈሩ ግን አልነገሩም። አንዱ ጭምብል እንዳደረገ አየር ልቀበል ብሎ ወደ መንገድ ብቅ ሲል አንዲት ሴት ሌባ ብላ ጮኸች። ሰፈሩ ዱላ ይዞ ወጣ። ልጁን ያተረፈው የሕንፃው ዘበኛ መካከል ገብቶ በመማሉ ነው።

ከዚያ በኋላ ቡድኑ የሚሠራው እንዲህ ነው። ለወረዳው ሰላምና ጸጥታ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ያስገባል፤ ዘበኛውን ቀን ጠርቶ ጨዋታውን ያሳየዋል፤ ለአጎራባች ቤቶች በር እያንኳኳ ይነግራል። ጭምብል ከግድግዳ ውጭ አይደረግም። ቦታው በፀሐይ ይፈተሻል፤ የሊፍት ጉድጓድ በጣውላ ይዘጋል፣ የወጣ ፌሮ ጫፉ ላይ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይደፋበታል፣ ደረጃው መደገፊያ ከሌለው ያ ወለል ከጨዋታው ይወጣል። ሦስት ረጅም ፊሽካ ከተነፋ ሁሉም ባለበት ይቆማል፤ መብራት ይበራል። ቃል ያልመረጡበት ምክንያትም ትክክል ነው፤ በአስፈሪ ጨዋታ ተው፣ አቁም፣ በቃ እያሉ መጮኽ የጨዋታው አካል ስለሆነ እውነተኛውን ጩኸት የሚለየው የለም።

መልስ 11

ይህ ጸሐፊ ከመሬት በታች ያለ ክፍል አግኝቻለሁ፣ የቀይ ሽብር ምርመራ ላርፕ ላዘጋጅ ነው አለ። ተጫዋቾቹ ታሳሪ፣ እሱና ጓደኞቹ መርማሪ ሊሆኑ ነው። እውነተኛ ታሪክ ከተረት የበለጠ ያስፈራል ሲልም አከለበት።

መልስ 12

መልሱ አጭርና ስለታም ነበር። የጻፈችው የአጎቷ አስከሬን የት እንዳረፈ እስከ ዛሬ የማታውቅ ሴት ናት። 11 መስቀል አደባባይ አጠገብ ወዳለው የሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ሄዶ ፎቶዎቹ ፊት እንዲቆም፣ ከዚያ ወጥቶ ስለ ጨዋታ ማውራት ከቻለ እንዲያወራ ነገረችው። 11 ሐሳቡን ተወው። እኔም እንደ እሷ ነኝ፤ የሟቾቹ እናቶች በሕይወት ሳሉ የልጆቻቸው ጩኸት የቅዳሜ ማታ መዝናኛ አይሆንም።

መልስ 13

ለአጫዋቾች ከሁሉ የሚጠቅመው መልስ ይህ ነው። ጸሐፊው በጠረጴዛ ብቻ ነው የሚያጫውተው። ተጫዋች እንዳይጎዳ ሌላው ዓለም ያወጣቸውን ዘዴዎች ያውቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የጨዋታ ደራሲው ሮን ኤድዋርድስ ጨርሶ የማይነካውን ነገር ተነክቶ ግን በዝርዝር ከማይታየው የለየበትን አሠራር፣ ጆን ስታቭሮፑሎስ ያስተዋወቀውንም ኤክስ ካርድ። ጠረጴዛ መካከል የኤክስ ምልክት ያለበት ካርድ ይቀመጣል፤ የከበደው ሰው ይነካዋል፤ ነገሩ ያለ ጥያቄ ይታለፋል።

ካርዱን አስቀምጦ ለብዙ ጊዜ ቢያጫውት አንድም ሰው አልነካውም። ሰላም ስለነበረ አይደለም። ይሉኝታ ነው። እንግዳ ሆኖ በሰው ቤት ተቀምጦ፣ ሁሉም እያየ፣ ይህ ከብዶኛል ብሎ እጁን የሚዘረጋ በመካከላችን ጥቂት ነው፤ ፊታችን እየገረጣ እንኳ ደህና ነኝ እንላለን። ስለዚህ አሠራሩን ለወጠ። ከጨዋታው ሁለት ሦስት ቀን ቀድሞ ለእያንዳንዱ ለብቻው ይደውላል፣ ምን እንዳይነሣ እንደሚፈልግ ይጠይቃል፣ የማን እንደሆነ ሳይናገር ሁሉንም ከታሪኩ ያወጣል። ማታውኑ ደግሞ ገና ቀላል ትዕይንት ላይ ሳሉ ካርዱን መጀመሪያ የሚነካው ራሱ ነው። አጫዋቹ ከነካው ለሌላውም እፍረት መሆኑ ይቀራል። ከዚያ ወዲህ ሰዎች መንካት ጀምረዋል። በመካከል ደግሞ ሆን ብሎ የሻይ ዕረፍት ይሰጣል፤ ማንም ምክንያት ሳይሰጥ ከክፍሉ እንዲወጣ።

መልስ 14

በሥነ አእምሮ ክፍል የምትሠራ ነርስ ናት። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው ኮል ኦቭ ክቱሉ የተባለው አስፈሪ ጨዋታ የገጸ ባሕሪውን ጤናማ አእምሮ በቁጥር እንደሚለካ፣ ሰው ባየው አስፈሪ ነገር ቁጥሩ እየቀነሰ ሄዶ እንደሚያብድ ገለጸች። የቁጥሩ ሐሳብ አልከፋትም። የከፋት ተጫዋቾች ያበደ ሰው ሁኑ ሲባሉ ሁሉም ጨርቅ ጥሎ እየሳቀ መንገድ ላይ የሚሮጠውን ሰው መምሰላቸው ነው። እጅ ይንቀጥቀጥ፣ እንቅልፍ ይጥፋ፣ በር መቆለፉን አሥር ጊዜ ይመልከት፤ ይህም ያስፈራል፣ እውነትም ነው የሚል ነበር ምክሯ።

መልስ 15 እስከ 18

ስለ ምግብ ነበሩ። ረቡዕና ዓርብ ለሚጾሙት ሽሮ ይሁን ወይስ ስልስ፣ ብርድ ልብስ ማን ያመጣል፣ የሱሉልታ የኅዳር ብርድ ጨዋታውን ስንት ሰዓት ላይ ያስጨርሳል። አንዱ እንጀራው ባለፈው ጊዜ እንዳነሰ አማርሯል።

መልስ 19 እና 20

19 የጅብ ድምፅ ቀድቶ ከቁጥቋጦ ውስጥ በስፒከር ሊያሰማ አስቧል፤ ስፍራው ከሱሉልታ ወጣ ያለ የባሕር ዛፍ ደን ነው። 20 በዱር እንስሳት ጥናት የሠራ ሰው ሆኖ ተገኘ፤ ወዲያው እንዲተወው ነገረው። የጅብ ድምፅ በስፒከር ማሰማት ተመራማሪዎች ጅብ ጠርተው የሚቆጥሩበት ዘዴ ነው። ድምፁን የሰማ መንጋ ከሩቅ ይመጣል። በሰሜን ኢትዮጵያ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናትም በዐቢይ ጾም ወቅት ሥጋ ስለማይታረድና አጥንት ስለማይጣል ጅቦች አህያ ወደ ማደን እንደሚዞሩ አሳይቷል፤ ከሰው ቆሻሻ ጋር የተሳሰረ እንስሳ ነው። ስለዚህ በዳርቻ የሚጫወት ሰው ቅንጣቢና አጥንት ቋጥሮ ይሂድ፣ ብቻውን አይራቅ፣ ጅብ ካየ አይሩጥ፣ ሰብሰብ ብሎ በዝግታ ያፈግፍግ። 19 አመስግኖ ስፒከሩን ተወው።

መልስ 21

ቡዳ ከወጣ ምን ይግባ የሚለው ጥያቄ ገና አልተመለሰም ነበር። ከሰበታ የምትጽፍ አጫዋች ጭራቅን አቀረበች። የማንም ዘመድ ያልሆነ፣ ሁላችንም በልጅነታችን የምናውቀው። ድሬድ የተባለውን ጨዋታ ተጠቅማ ነው ያጫወተችው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ሲሆን በዳይስ ፈንታ የጀንጋ ግንብ፣ ማለትም የተደራረቡ ትንንሽ እንጨቶች፣ አለው። አደገኛ ነገር የሚሞክር ተጫዋች አንድ እንጨት ይስባል፤ ግንቡን ያፈረሰ ገጸ ባሕሪው ከታሪኩ ይወጣል። ጀንጋ ውድ ስለሆነባት 54ቱን እንጨት ለሰፈር አናጺ አስቆረጠች። አናጺው እርጥብ ባሕር ዛፍ ነበርና የቆረጠው፣ እንጨቶቹ እየደረቁ ተጣመሙ፣ እርስ በርስ ተነካከሱ፣ ማታውን ሙሉ ግንቡ አልፈርስ አለ፤ ማንም ሳይሞት ነጋ። የደረቀ ዋንዛ ወይም ጥድ አስቆርጡ ትላለች፣ በብርጭቆ ወረቀትም ይታሽ።

መልስ 22

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የደረሰው ወንድም አዲስ ብሎክ ውስጥ ያዘጋጀውን ላርፕ ነገረን። በብሎኩ የገቡት ሁለት አባወራዎች ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱም ያውቃሉ፣ ተስማምተዋል። ተጫዋቾቹ አራተኛ ፎቅ ላይ አዲስ የገባ ቤተሰብ ናቸው። ከእነሱ በላይ ያለው ወለል ባዶ መሆኑን በራሳቸው ዓይን ዞረው አይተዋል። ከምሽቱ 2 ሰዓት አካባቢ፣ ስለ ውኃ ሮቶ እየተጨቃጨቁ ሳሉ የሚቆላ ቡና ሽታ መጣ። መጀመሪያ ማንም ምንም አላለም። ከዚያ አንዷ ዝም አለች። ሽታው ከላይ ነው። ቀጥሎ የሙቀጫ ድምፅ፣ ዝግ ብሎ፣ አቋርጦ፣ እንደገና። ማንም ጭምብል አላደረገም፣ ደም አልተቀባም፤ አንድ ጓደኛው ብቻ ባዶው ቤት ውስጥ መስኮት ከፍቶ ከሰል ፊት ተቀምጧል። ቡና ጠጡ ተብለው ሲጠሩ ወደ ላይ ለመውጣት የደፈረ አልነበረም።

ይህን ካነበብኩ ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም። ለ2 ጥያቄ መልሱ ያለው እዚህ ይመስለኛል። የእኛ የሆነ ፍርሃት ሞልቶናል፤ ማንንም ሳይወነጅል።

መልስ 23

የቡራዩው ልጅ ግን ከቡዳ አልተላቀቀም፤ ገልብጦ መጣ። ተጫዋቾቹ የቀጥቃጭ ቤተሰብ ይሁኑ። የጎረቤት ልጅ ታሟል፤ ሰፈሩ በር ላይ እየተሰበሰበ ነው። እነሱ ጅብ እንዳልሆኑ ያውቃሉ፤ ያንን የሚያምናቸው የለም። አስፈሪው ፍጡር መንደሩ ይሁን። ሲጽፈው በግልጽ አስቦበታል፤ የ6ንና የ8ን ታሪክ እያነሣ ነው የተከራከረው።

መልስ 24

የኮተቤዋ ጸሐፊ ተቆጣች። በዚህም ቢሆን የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ ሕይወቷን ሰዎች ለአንድ ማታ ሲሞክሩት ልታይ ነው፤ እነሱ ከጨዋታው በኋላ ኮታቸውን ለብሰው ቤታቸው ይገባሉ፣ እሷ ግን ስሟን ይዛ ትሄዳለች። ማንም አጫዋች ይህን ከማሰናዳቱ በፊት የባለእጅ ቤተሰብ ልጆችን ይጠይቅ፣ እምቢ ካሉም ይተው ብላለች።

መልስ 25

የእኔ ነው። መነሻ ሐሳቤ ባለበት ነው፤ ቡዳ ተሸሽጎ የሚፈለግበት ማንኛውም ጨዋታ በእኛ ቡድን አይደረግም፣ የማፊያውን ካርድ ጨምሮ። የ23ን ታሪክ ግን አንብቤ መዝጋት አልቻልኩም፤ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ 24 ያስቀመጠችው ሁኔታም ትክክል ነው። ስለዚህ 23 ታሪኩን ጽፎ ይጨርስ። ከባለእጅ ቤተሰብ የሆናችሁና ለማንበብ ፈቃደኛ የሆናችሁ በግል ጻፉልኝ፤ ስማችሁ ከእኔ አያልፍም። እናንተ ካልፈቀዳችሁ አይጫወትም። እስከዚያው የጥር ላርፓችን እንደ 22 ባዶ ወለል ነው፤ ለወረዳው ደብዳቤ ገብቷል፣ ለሁለቱ አባወራዎች የሚነግር ሰው እንፈልጋለን፣ ሙቀጫ ያለው ያምጣ።

መልስ 26

የእንጀራውን ጉዳይ እንደገና አንሥቷል፤ በዚህ ጊዜ እሱ ሊያመጣ ነው።